የጉለሌ ጓሮ፤ ዶሮና ኮክ

ከእንጦጦ ግርጌ ተዘርግቶ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ አስቀድሞ በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ከጉለሌ ኦሮሞዎች ስሙን የወረሰው ይህ ደጋማ ምድር፣ ኋላም ከጋሞ ተራሮች የመጡ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳ ዙሪያ የሰፈሩበት ነው፤ እንደ ሌላው የደጋ አገር ጓሮ ሁሉ ዶሮና ኮክ ተስማምተው የኖሩበትም ነው። ዶሮይቱ ከዛፉ ሥር ትልና ተባይ ትለቅማለች፣ ኩሷም አፈሩን ያለመልማል፤ ትኩስ ኩስ ሥር ስለሚያቃጥልና ጭረቷም ለጋ ችግኝ ስለሚነቅል ግን፣ ችግኙ እስኪጠና ድረስ በእሾህ ይታጠራል።

በእኔ አስተያየት የዚህን ጓሮ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ ያጸናው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ዕለታት እንቁላል ከማዕድ ስለሚርቅ፣ አስተዋይ እመቤት ለታቀፈች ዶሮ ልታኖረው ትችላለች፤ በዚያ ወራት የተፈለፈለው ጫጩትም ለትንሣኤ ባይደርስ ለዕንቍጣጣሽ ይደርስላታል።