የስሜን ተራሮችና ክፈፋቸው

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ፣ ከዚያም ወደ ሳንቃ በር የዘለቀ መንገደኛ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ያያል፤ ገደሉንና የገብሱን ማሳ። ሁለቱ በስሜን ምድር ለዘመናት ጎን ለጎን ኖረዋል። ይሁን እንጂ ስለ ስሜን በተጻፈው የዓለም ጽሑፍ ገደሉ ርእስ ሲሆን ማሳው እንደ ጉድፍ ተቆጥሯል። ለዚህም ምክንያቱ እውነቱ የቀረበበት ክፈፍ ነው።

ብሔራዊ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ሲቋቋም ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። ዋነኛው ዓላማ ዋልያን ማዳን ሲሆን፣ ይህ እንስሳ በተፈጥሮ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ በአደንም እጅግ ተመናምኖ ነበር። ሥጋቱ እንግዲህ የፈጠራ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ። ላሊበላ በባህል ዓምድ፣ ስሜን በተፈጥሮ ዓምድ ገቡ። በአንደኛው ዓምድ የሰው እጅ ይደነቃል፤ በሌላኛው ይጠረጠራል። መዝገቡ የስሜንን ውበት ሲያወሳ በረጅም ዘመን የአፈር መሸርሸር ተቀርጾ የተገኘ መሆኑን ያመለክታል። ያው «መሸርሸር» የሚለው ቃል ወደ ገበሬው ማሳ ሲሻገር ግን የክስ ቃል ይሆናል። በእርግጥ የተፈጥሮ ዘመንና የሞፈር ዘመን አንድ አይደሉም፤ ተዳፋት ሲታረስ አፈሩ በፍጥነት መታጠቡም አይካድም። ነገር ግን ገበሬው በዚያ መዝገብ ውስጥ በአጥፊነት እንጂ በባለታሪክነት ቦታ አላገኘም።

በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በአንድ ጉባኤ ሁለት የገጠር ምድሮችን መዘገበ። አንዱ በፈረንሳይ የሚገኘው የኮስና የሴቬን የእረኞች አገር፣ ሌላው የኮንሶ እርከን ነው። በሁለቱም ዘንድ ምድሩን የሠራው አራሹና አርቢው መሆኑ ለክብር በቃ። የስሜን ገበሬ ጥፋቱ ምናልባት በሌላ ዓምድ ሥር መወለዱ ይሆን?

የዓምዱ ዋጋ በሰው ኑሮ ተከፈለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሰሜኑ ገደል ግርጌ የነበሩ መንደርተኞች በግዳጅ ተነሡ። በ1989 ዓ.ም. ስሜን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ የዋልያ ማነስና የሰው መስፋፋት ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ ነበሩ። ከዚያም ወሰኑ እንደ ገና ተሠመረ። አንዳንድ መንደሮች ከመስመሩ ውጭ ተደረጉ፤ አዳዲስ ተራሮች ተጨመሩና ፓርኩ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። አንድ ገበሬ ከቀዬው ሳይነቃነቅ፣ መስመሩ ስላለፈው ብቻ፣ ከሕገ ወጥ ሰፋሪነት ወደ ጎረቤትነት ተሸጋገረ ማለት ነው።

የግጭ ሰዎች ዕጣ ግን ሌላ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ከደጋው ወርደው በደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። በጉባኤው ወረቀት ላይ የግጭ መልቀቅ በመሻሻል ዓምድ ተጻፈ፤ ገብስ ያበቅል የነበረው ገበሬ ደግሞ በደባርቅ ገበያ ገብስ ሸማች ሆነ።