የጓሳ ሜዳና የቄሮ ሥርዓት፤ ስለ መንዝ የጋራ መሬት አጠባበቅ ታሪክ

በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ባሻገር ባለው ደጋ ላይ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ሜዳ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በምሥራቅ በኩል ገደሉ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚህ ደጋ የሚነሡት ጅረቶች አንዳንዶቹ ወደ አዋሽ፣ ሌሎቹም ወደ ዓባይ ይፈስሳሉ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በብዛት የሚታዩበት ስፍራ መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሻው ስለ አውሬው ሳይሆን ስለ ሰዉ ነው። ይኸውም ዙሪያው ሁሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታረስና ሲጋጥ የኖረ አገር ሆኖ ሳለ፣ ይህ ሜዳ ብቻ እንዴት ሣሩን እንደ ለበሰ ቆየ የሚለው ነገር ነው።

አንዳንዶች ምክንያቱ ብርዱ ነው ይላሉ። በእርግጥ በከፍተኛው ደጋ ላይ ውርጩ ለገብስ እንኳ አይመችም። ሆኖም ብርድ ማረሻን ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ በግንና ማጭድን አይከለክልም። መንዝ ደግሞ የበግ አገር ነው፤ ከሱፉ የሚሠራው ባናና ዝተት በሸዋ ሁሉ የታወቀ ነው። ጓሳ የተባለውም ሣር ለሕዝቡ ብዙ ጥቅም አለው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ይሠራበታል። ለማገዶ የሚሆነው አስታና ሌላውም ቁጥቋጦ ከዚያው ይለቀማል። እንግዲህ ይህን ያህል የሚፈለግ መሬት ሳይራቆት የቀረው ሰዎች ሕግ አውጥተው ስለ ጠበቁት ነው ማለት ይገባናል።

የሕጉ ስም ቄሮ ይባላል። በአገሩ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ቃል መሠረት፣ ሜዳውን በመጀመሪያ የያዙት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ናቸው፤ ድንበራቸውንም የለዩት በፈረስ ግልቢያ ተወዳድረው ነው ይባላል። የፈረሱ ታሪክ እንደ ብዙው የርስት ትረካ ለጆሮ የሚጥም ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ዋናው ቁም ነገር ግልቢያው አይደለም። ዋናው ነገር ሜዳው በሁለት ወገን መከፈሉና ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ትውልዳቸውን ከእነዚህ አባቶች የሚቈጥሩ መሆናቸው ነው። የሥርዓቱ መነሻ በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይነገራል። ይህ በቃል የተላለፈ ግምት ቢሆንም ከዘመኑ ጋር አይጋጭም፤ የሸዋ ነገሥታት ዘር አባት የሆነው ነጋሲ ክርስቶስም ከመንዝ ተነሥቶ የበረታው በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ባለ መብቶቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ሜዳው ከተዘጋ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማንም ሣር እንዳያጭድበት፣ ከብትም እንዳያስገባበት ይከለከላል። ሣሩ ለአጨዳ መድረሱን አባ ቄራው ሲያረጋግጥ የመክፈቻው ቀን ይታወጃል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በጋው በሚከርርበት በየካቲት ወይም በመጋቢት ነው። በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከዚያም ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን፣ ሁሉም ለቅቆ ይወጣል። የመዝጊያው ቀን በጾም ፍቺ ላይ መዋሉ ብልሃት ያለበት ነው እንላለን፤ ማንም ቢሆን ቀኑን አላወቅሁም ብሎ ሊያመካኝ አይችልምና።

ጥበቃውስ የማን ነበር? አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በተራው እየወጣ ሜዳውን ይዞራል፤ ከተራው የቀረ ይቀጣል፣ ሕጉን የጣሰም በብርቱ ይቀጣል። ዛሬ ይህን የመሰለውን አገልግሎት የበጎ ፈቃድ ሥራ ብለው የሚያመሰግኑ አሉ። እኛ ግን ይህ አጠራር ነገሩን በትክክል አይገልጸውም እንላለን። ጠባቂው የሚጠብቀው መሬቱ አጽመ ርስቱ ስለ ሆነ ነው፤ ድካሙ የመብቱ ዋጋ ነበር። በዚያው መጠን ከእነዚያ አባቶች የማይወለድ ሰው፣ በዚያው ቀበሌ ቢኖርም፣ ቤቱን የሚከድንበት ሣር በመብት አያገኝም ነበር። ስለ ቄሮ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ጎኑን ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ሣሩ ለምልሞ የኖረው በከፊል ብዙ ሰው ስለ ተከለከለ መሆኑን ግን መሸሸግ አይገባም።

በ1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ አጽመ ርስት ተሻረ፤ ከእርሱም ጋር ቄሮ ወደቀ። ሜዳው በገበሬ ማኅበራት ሥር ሆነ። ቀድሞ የተከለከለው ሁሉ የመጠቀም መብት አገኘ፤ ይህም በፍትሕ ረገድ ሊነቀፍ የማይችል ነው። ነገር ግን መብቱ ለሁሉ ሲካፈል፣ ከመብቱ ጋር ተያይዞ የኖረው በተራ የመጠበቅ ግዴታ ቀረ። አባ ቄራው ሥልጣኑን አጣ፤ ሣሩና ቁጥቋጦውም ከቀድሞው ይልቅ ተጎዳ።

ይሁን እንጂ የመንዝ ገበሬ ነገሩን እንዲሁ አልተወውም። በሜዳው ዙሪያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት ተወካዮቻቸውን መርጠው የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ከቄሮ የወሰደው መዝጋትንና መክፈትን ነው፤ የተወው ደግሞ የዘር ቈጠራውን ነው። ከ1983 ዓ. ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላም አሠራሩ ቀጠለ፤ በ2000ዎቹ ዓመታት የአማራ ክልል ሜዳውን በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ብሎ በሕግ ዐወቀው። አሁን ከየቀበሌው የተመረጡ ጠባቂዎች ሜዳውን ይዞራሉ፤ ለጎብኚ የሚሆን ማረፊያም ተሠርቷል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ የቀድሞው አባወራ በተራው የሚወጣው በገዛ ስንቁ ሲሆን፣ የዛሬው ጠባቂ ደመወዝ ያገኛል። ሣሩ ደርሶ ሜዳው ሲከፈት ግን ማጭዱን ይዞ የሚወጣው የአስቦና የጌራ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ የትናንቱ ባዕድም ያጭዳል።