የየቡ ሰው «አገሬ ጅማ ነው» ቢል ይገባዋልን?

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ርቆ ሲሄድ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው አገሩን ነው። ከየቡ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰ ተማሪ «አገርህ የት ነው?» ሲባል ብዙውን ጊዜ «ጅማ» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂውም «እሰይ፣ የቡናው አገር! የአባ ጅፋር አገር!» ብሎ ይቀበለዋል። «የቡ» ያለ እንደ ሆነ ግን «እርሱ ደግሞ የት ነው?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይከተለዋል።

በዚህ ነገር ተማሪዎች በሁለት ወገን ሊከራከሩ ይችላሉ። አንደኛው ወገን «ጅማ ማለት ከተማው ነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተወለደ ሰው በከተማው ስም መጠራቱ በሰው ልብስ እንደ መድመቅ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ሁሉ የሚያውቀውን ስም መናገር ምን ነውር አለው? ሰዓት አይባክንም፤ ነገርም አይበዛም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ግን ሳይመረምሩ የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጅማ የከተማ ስም ነው፣ የቡም የከተማው ጎረቤት ናት የሚለው ነው። ታሪክን ስንጠይቅ ግን መልሱ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን።

ስሙ ከየት መጣ?

ጅማ አስቀድሞ የሕዝብ ስም ነበር። በዚህ ስም የሚጠሩ የኦሮሞ ወገኖች በልዩ ልዩ ስፍራ ስለ ሰፈሩ ዛሬም በወለጋ በኩል ጅማ አርጆ፣ ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቲ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። የእኛው ጅማ ከእነዚህ ይለይ ዘንድ ጅማ ካካ፣ በኋላም በንጉሡ ስም ጅማ አባ ጅፋር ተባለ።

በ19ኛው መቶ ዘመን በግቤ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ናቸው። የጅማን መንግሥት ከ1822 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያጸናው ቀዳማዊ አባ ጅፋር ነው። በዚያ ዘመን የአንዱ መንግሥት ምድር ከሌላው የሚለየው በኬላ ነበር። በድንበሩ ጉድጓድና አጥር፣ ከዚያም ባሻገር ሰው የማይሰፍርበት ባዶ ምድር ነበረ። ነጋዴና መንገደኛ የሚገባው በኬላው በር ብቻ ሲሆን ቀረጡንም የሚከፍለው እዚያው ነበር። ስለዚህ «የጅማ ሰው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የዚያ ዘመን መልስ ግልጽ ነው፤ በኬላው ውስጥ የሚኖር ሁሉ የጅማ ሰው ነው። የቡ የምትገኝበት የማና ምድር በዚህ ኬላ ውስጥ ነበረ። ከማና ቀጥሎ ወደ አጋሮ በኩል ያለው ጎማ ግን የሌላ ንጉሥ አገር ነበር።

ታዲያ በዚያን ጊዜ «ጅማ ከተማ» የት ነበረ? የንጉሡ ቤተ መንግሥት በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበረ። ከኮረብታው ዝቅ ብሎ በሂርማታ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም ታላቅ ገበያ ነበረ፤ ከሩቅ አገር የመጡ ነጋዴዎች ቡናውን፣ ጨዉንና ጨርቁን የሚለዋወጡት በዚያ ነው። መቀመጫው ጅሬን፣ ገበያው ሂርማታ ይባላል፤ ጅማ ግን ምድሩ በሙሉ ነበር። ለሂርማታ ነጋዴና ለማና ገበሬ ስሙ እኩል ይገባቸው ነበር ማለት ነው።

ስሙ እንዴት ወደ ከተማው ገባ?

በ1870 ዓ.ም. ገደማ የነገሠው ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ለምኒልክ ገብሮ አገሩን ከጦር አዳነ፤ ግብሩን እየከፈለም የውስጥ አስተዳደሩን እንደ ያዘ እስከ ዕለተ ሞቱ ቆየ። እርሱ በ1924 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ የጅማ መንግሥት የነበረው የራስ አስተዳደር ቀረ። በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ገባ፤ ወራሪዎቹም ሂርማታን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገው መንገድና ሕንፃ ሠሩባት። ሰኔ 1933 ዓ.ም. ከጠላት እጅ ነጻ ወጣች። እንዲህ እያለ ሂርማታ የሚለው ስም እየቀረ፣ ጅማ የሚለው የአገሩ ስም የከተማዋ ስም ሆነ።

ከነጻነት በኋላ ደግሞ አንድ አስገራሚ ነገር ተከተለ። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለ ሆነች፣ የከተማዋ ነዋሪ በመንግሥት ወረቀት ላይ የከፋ ሰው ተብሎ ይጻፍ ጀመር። የጥንቱ የከፋ መንግሥት አገር ግን በቦንጋ በኩል ያለው ነው። እንግዲህ ዛሬ የየቡን ልጅ «በሰው ስም ተጠራህ» ብሎ የሚወቅስ የጅማ ከተማ ልጅ፣ አያቱም ብዙ ዘመን በጎረቤት አገር ስም ሲጠሩ እንደ ኖሩ ያስታውስ።

አሁን ባለው አስተዳደርም ነገሩ ከዚህ አያንስም። ግንቦት 1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ የጅማ ከተማ እንደ ልዩ ዞን ለብቻው ተቆጠረ፤ ሕዝቡም 120,960 ነበር። በከተማው ዙሪያ ያሉትን ወረዳዎች ያቀፈው የጅማ ዞን ሕዝብ ደግሞ 2,486,155 ሆኖ ተገኘ። የማና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው የቡ የተቆጠረችው በጅማ ዞን ውስጥ ነው፤ የጅማ ከተማ ግን በዚያ ውስጥ አልተቆጠረም። በዚያ ቆጠራ መሠረት የጅማን ስም የያዘው የገጠሩና የትንንሽ ከተሞች ሕዝብ ከከተማው ሕዝብ ከሃያ እጥፍ በላይ ነበር።

በሌላ ስፍራስ እንዴት ነው?

በሌላ ስፍራ ነገሩ የተለየ ነው። አቃቂ በአንድ ወቅት ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፤ አዲስ አበባ እየሰፋች መጥታ ጠቀለለችው። ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ሆነው ቆይተው በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባል አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ፤ ሆኖም ከዚያ የመጣ ሰው በሩቅ አገር «አዲስ አበባ ነኝ» ቢል የሚደንቀው የለም። በአሜሪካም በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂንያ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለዘመዱ «የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው» ይላል። በእነዚህ ስፍራዎች ስሙን ለዙሪያው ያዋሰ ከተማው ነው። በእኛ ዘንድ ግን ስሙን ለከተማው ያዋሰው አገሩ ነው። ስለዚህ የየቡ ሰው «ጅማ» ሲል የራሱን ስም ይጠራል እንጂ አይበደርም።

ታዲያ የቡ የሚለው ስም ይቅርን?

አይቀርም። ታላቁ ስም የእኛ ነው ማለት ትንሹን ስም እንጣለው ማለት አይደለም። ይህን ለመረዳት ከቡናው የተሻለ አስተማሪ የለም።

ከአካባቢያችን የሚወጣው የደረቅ ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው «ጅማ» ተብሎ ነው፤ «ጅማ 5» የሚባለው ደረጃ በብዛት የሚሸጥ ነው። የምርት ገበያ ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ሲጀምር ቡናን በየአካባቢው መደበ። በዚያ ምደባ የማና የደረቅ ቡና «ጅማ»፣ የማና የታጠበ ቡና ደግሞ «ሊሙ» ተባለ። ከአንድ ገበሬ ማሳ፣ ከአንድ ዛፍ የተለቀመ ቡና፣ በፀሐይ ቢደርቅ በአንድ ስም፣ ቢታጠብ በሌላ ስም ይሸጥ ነበር ማለት ነው! በሁለቱም ስም ውስጥ ማና የለም፤ የቡም የለም። መልካም አድርጎ የለቀመውና ሳይበስል የሸመጠጠው በአንድ ስም ሲጠሩ፣ የትጉሁ ምስጋና ለማንም ሳይደርስ ይቀራል።

በዚህ አንጻር በአጋሮ አካባቢ ያለውን የዱሮሚናን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንመልከት። አባሎቹ ቡናቸውን በጥንቃቄ አጥበው በራሳቸው ስም ለውድድር አቀረቡ፤ በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ቡናዎች ውድድርም አንደኛ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ ያለ ቡና ገዢ ዱሮሚና የሚለውን ስም አውቆ ይጠይቃል። ማኅበሩ የሚገኝበትን አገር ስም አልካደም፤ የራሱን ስም ጨመረበት እንጂ።

በሰውም ዘንድ እንዲሁ ነው። ከየቡ የወጣ ሐኪም፣ መምህር ወይም መሐንዲስ በየደረሰበት «ጅማ» ብቻ ብሎ ካስመዘገበ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ መዝገብ የሚመረምር ሰው የቡ አንድም ሰው ያላፈራች መስሎት ያልፋል። ለየቡ ቤተ መጻሕፍት ወይም ቤተ ሙከራ የሚለምን ሰውም «ከዚያ ማን ወጣ?» ቢባል የሚያሳየው ያጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ነገር ግን የሚውለው የተጻፈ ወይም የተነገረ እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ፍርዱ እንዲህ ይሁን። ሩቅ አገር ያለ ሰው አገራችንን ቢጠይቀን «ጅማ» እንበል፤ ሐሰት የለበትም፤ የአባቶቻችን አገር ስም ነውና። ነገር ግን በዚያ አንቁም፤ «ጅማ፣ ማና ወረዳ፣ የቡ» ብለን እንጨርስ። በመዝገብ፣ በምስክር ወረቀትና በመጽሐፍ ላይ የትውልድ ስፍራ በተጠየቀ ጊዜ ደግሞ የቡን አስቀድመን እንጻፍ። «የቡ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅም ሰው እንደ ናቀን አንቁጠረው፤ ስለ አገራችን እንድንናገር በር ከፍቶልናል።

የጅማ ከተማ ተማሪዎችም ከየቡ፣ ከሰቃ ወይም ከሰርቦ የመጣውን ጓደኛችሁን «የገጠር ልጅ፣ ጅማ አይደለህም» አትበሉት። ከተማችሁ ሂርማታ በምትባልበት ዘመን የእርሱ አያቶች ጅማ ይባሉ ነበር።

ለየቡ ወንድሞቼና እኅቶቼም አንድ ሥራ አለን። የየመንደሩ፣ የየወንዙና የየገበያው ስም ከየት እንደ መጣ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገና በመካከላችን አሉ። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን አንዳንድ ሽማግሌ ጠይቀን የነገሩንን ከነስማቸውና ከነቀኑ ጽፈን ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እናስረክብ። የሚቀጥለው የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲዘጋጅ፣ ስለ የቡ የሚጽፍ ተማሪ የሚያነበው ነገር ይኖረዋል።