ጎተራ ያልገባው ጎመን

ዓቢይ ጾም የሚገባው ጓሮ በሚደርቅበት ወቅት ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፣ ግን ቁጭ ብለው ሲያስቡት ይገርማል። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሚከለከልበት 55 ቀን የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ክረምቱ ካለፈ አምስት ስድስት ወር ሆኖታል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ከቤት ጀርባ የነበረው ጎመን ወይ አብቦ ዘር ይዟል ወይ ከብት ገብቶበታል። ቅጠል በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ቅጠል የለም ማለት ነው። መስኖ የማይደርሰው የምሥራቅ ጎጃም ቤት የጾም ትሪ ምን እንደሚመስል ላስታውሳችሁ፦ ሽሮ፣ ክክ፣ ካለ ድንች፣ አዋዜ፣ ነገ ደግሞ ሽሮ።

ስለዚህ «ፍሪዘር የገባ አትክልት ለጤና ጥሩ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከቦሌ ሱፐርማርኬት ሳይሆን ከቢቸናና ከሞጣ ተነስቼ ማየት ፈለግሁ። የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ እንጀራዬም ኮድ መጻፍ ነው። ግን እናቴ ሞጣ፣ አክስቴ ቢቸና ነው የሚኖሩት፣ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ፍሪጅ ያለው ቤት ተከራይቻለሁ። ክርክሩ በስልክም በሻንጣም ቤቴ ድረስ ይመጣል። እናቴ ፍሪዘር ውስጥ የከረመ ጎመን «የሞተ ጎመን» ነው ባይ ናት። ይህን የምትለኝ ግን ከዓመት በፊት የተፈጨ ሽሮና ከሦስት ወር በፊት የደረቀ ድርቆሽ በጆንያ አስራ እየላከችልኝ ነው።

እሷን ለመረዳት አገሩን ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ከተሞች ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ናቸው። ጤፍ አገር ነው። የገዳምና የአድባራት አገርም ነው፦ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩት ዲማና ደብረ ወርቅ ነው። የጾሙ ቁጥር ሁሉም ተደምሮ በዓመት 250 ቀን አካባቢ ይደርሳል፣ ለምእመን ሁሉ ግዴታ የሆነው ደግሞ 180 ገደማ። እንዲህ ባለ አገር አትክልት ጌጥ አይደለም፣ የግማሽ ዓመት ጉዳይ ነው።

በእነዚያ አድባራት ዙሪያ የኖረው የቆሎ ተማሪ ደግሞ፣ እኔ እንደማስበው፣ የፈጣን ምግብ እውነተኛ አባት ነው። አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ እንጀራ ሁሉ በአንድ ቀን አይበላውም። የተረፈውን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ድርቆሽ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ምጣድም፣ ሊጥም፣ እናትም አያስፈልገውም፤ ውኃ ብቻ። ነገሩ ቀላል ሳይንስ ነው። ሻጋታና ባክቴሪያ ውኃ ይፈልጋሉ፣ ውኃውን ከወሰድክባቸው ሥራ ይፈታሉ። በሶም እንደዚሁ ነው። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል፣ ተፈጭቷል፣ ማብሰሉ እቤት አልቋል፤ መንገድ ላይ የሚቀረው መበጥበጥ ነው። ሽሮን ደግሞ ለውጭ አገር ሰው ላስረዳ ብል «ቅመሙ አስቀድሞ የገባበት፣ በሩብ ሰዓት የሚደርስ ደረቅ ሾርባ» ነው የምለው። ይህንኑ በሚያብረቀርቅ ፓኬት አድርገው ቢሸጡልን «ኢንስታንት» ብለን እንጠረጥረው ነበር።

በዚህ ስንቅ ትልልቅ ነገር ተሠርቷል። በ1888 ዓ.ም የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው ዓድዋ ሲዘምቱ ለወታደሩ እንደዛሬው ራሽን የሚያድል መሥሪያ ቤት አልነበረም። ወታደሩ በአብዛኛው የራሱን ስንቅ በስልቻና በአቅማዳ ይዞ፣ ሚስት ወይም አሽከር አስከትሎ፣ ሲያልቅበትም ከገበሬው ላይ እየበላ ነው የተጓዘው። ከዚያ በኋላ የመጣው የጣልያን ዘመን ቢቸናን የበላይ ዘለቀ አገር አደረጋት። በጫካ ያለ ሰው እሳት ካነደደ ጭሱ ያለበትን ይናገርበታል፤ በሶ እሳት አይፈልግም። በ1960 ዓ.ም ሞጣና ቢቸና አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንቀበልም ብለው ሲነሱም ያው ገበሬ፣ ያው አቅማዳ ነው።

አሁን ዝርዝሩን ተመልከቱት። እህሉ ደርቋል፣ ጥራጥሬው ደርቋል፣ በርበሬው ደርቋል፣ ሥጋው ቋንጣ ሆኗል፣ ቅቤው ተነጥሮ ተቀምጧል። ቅጠል የለም። በአያቴ ቤት ጎተራም፣ ጋንም፣ ቅልም ውስጥ ለበጋ የተቀመጠ ጎመን አላየሁም። ለሁሉም ነገር ማቆያ የፈለሰፈ ሕዝብ ጎመኑን ለምን ተወው?

አንደኛው ምክንያት የአየር ጠባይ ይመስለኛል። ጎመን የሚትረፈረፈው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ሞጣ ላይ ደግሞ በነሐሴ ፀሐይ ማየት ራሱ ዜና ነው። ዘጠኝ እጅ ውኃ የሆነን ቅጠል በዚያ ጭጋግ አሰጣለሁ ማለት ማበስበስ ነው። ፀሐዩ ሲመጣ ቅጠሉ ይሄዳል። (በፕሮግራመር ቋንቋ፣ ሁለቱ ሲስተሞች በአንድ ሰዓት ኦንላይን አይሆኑም።)

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከአየሩ ይከብዳል፦ ጎመን ክብር አልነበረውም። ክረምት ጎተራ የሚሟጠጥበት ጊዜ ነው፣ አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ነው፣ ቤቱን የሚያሻግረው ጎመን ነው። በመስቀል ሰሞን የጎመን ምንቸት ይውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ይግባ የሚባለው ለዚህ ነው። ምንቸቱ ራሱ እንደ እርግማን ከቤት ይባረራል! በመስከረም በደስታ ያባረርከውን ነገር ለመጋቢት ብለህ አታስቀምጥም። ከዚያ በላይ ደግሞ የክፉ ቀን ትዝታ አለ። ከ1880 ዓ.ም ጀምሮ በገባው የከብት በሽታ በሬው አልቆ ማሳው ጾም ባደረበት በዚያ ረሃብ ሰው የዱር ቅጠል እየቀጠፈ በልቷል። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረትም ጎመንን አያመሰግንም። ዋናው ጤና ነው፣ ጎመንም ቢሆን ግድ የለም ነው የሚለው። ዛሬ ሐኪም ቤት ሲነገር ግን ቃል በቃል እውነት ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ከዚሁ ክፉ ቀን ጋር የተያያዘ አንድ የተለየ ታሪክ አለ፤ ድንች። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1850ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን አስገባው ይባላል፤ በሰፊው የተለመደው ግን ከዚያ ረሃብ ወዲህ ነው። የጮቄ ደጋ ገበሬ ድንችን ጎተራ አያስገባውም፣ እስኪፈልገው ድረስ ከነአፈሩ መሬት ውስጥ ይተወዋል። ቫይታሚን ሲ ያለው፣ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የሚቆይ አትክልት። እናቴ ይህን «የሞተ» ብላው አታውቅም።

ሌሎች አገሮች ቅጠላቸውን ጎተራ አስገብተዋል። ዚምባብዌዎች ቀቅለው በፀሐይ ያደርቁትና «ሙፉሽዋ» ይሉታል። ጀርመኖች ጥቅል ጎመኑን በጨው ያኮመጥጡታል፤ ካፒቴን ኩክ በ1768 (እ.ኤ.አ.) ወደ ፓስፊክ ሲነሳ መርከበኞቹ በስከርቪ እንዳያልቁበት በርሜል በርሜል የጫነው እሱን ነው። ኮሪያዎች ኪምቺ አላቸው። እኛም ብንሆን እንሰቱን ጉድጓድ ቀብሮ ቆጮ የሚያደርግ ወገን አለን፣ ግን ያ ደቡብ ነው።

ፍሪዘሩ የመጣው ከበረዶ አገር ነው። ክላረንስ በርድስአይ የሚባል አሜሪካዊ ከ1912 እስከ 1915 (እ.ኤ.አ.) የካናዳዋ ላብራዶር ውስጥ የአውሬ ቆዳ ሲነግድ፣ የአገሩ ተወላጆች ኢንዊቶች ያጠመዱት ዓሣ በዚያ ብርድ ወዲያው እንደሚደርቅና ከወራት በኋላ ሲቀልጥ ትኩስ እንደሚመስል አየ። ምስጢሩ ፍጥነቱ ነው። ውኃ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ትልልቅ ስለታም በረዶ ይሠራና የቅጠሉን ሕዋስ ይቀዳድዳል፤ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ በረዶው ደቃቅ ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሰውየው ይህንን ወደ ማሽን ቀየረው፣ በመጋቢት 1930 (እ.ኤ.አ.) ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ በ18 ሱቆች አተርና ስፒናች ጨምሮ መሸጥ ተጀመረ። የፈጠራው ባለቤት ማን ነው ከተባለ፣ እኔ ኢንዊቶቹ ናቸው እላለሁ።

ታዲያ ጤናማ ነው? ባጭሩ፣ አዎ፣ ባዶውን ከሆነ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ስምንት ዓይነት አትክልትና ፍራፍሬ ትኩሱንና ፍሪዘር የገባውን አወዳድረው ነበር። በቫይታሚን ሲ በኩል ፍሪዘር የገባው በአምስቱ እኩል ወጣ፣ በሦስቱ እንዲያውም በለጠ። ቤታ ካሮቲን ግን በአንዳንዶቹ ላይ በጣም ቀንሷል፤ አተር አንዱ ነው። የመብለጡ ምክንያት ቀላል ነው። «ትኩስ» የምንለው ቅጠል ከተቀጠፈ ጀምሮ በየሰዓቱ ቫይታሚን ያጣል። ጠዋት ተቀጥፎ፣ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ሁለት ቀን ጉልት ላይ ውኃ እየተረጨበት የዋለ ጎመን ትኩስነቱ በስም ነው።

ኪሳራም አለው። ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ቅጠሉ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ፈላ ውኃ ውስጥ ገብቶ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ መነከር አለበት፤ ይህ ካልሆነ ኢንዛይሞቹ በብርድም ውስጥ ሥራቸውን ቀጥለው ጣዕሙንም ቀለሙንም ያበላሹታል። በዚያ ቀቀል ውስጥ በውኃ የሚሟሟው ቫይታሚን የተወሰነው ይሄዳል። ፍሪዘር ጀርም አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ከ2015 እስከ 2018 አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓ ውስጥ ከሃንጋሪ ከወጣ የቀዘቀዘ በቆሎ ጋር በተያያዘ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ 47 ሰው ታሞ 9 ሞቷል። ስለዚህ ከፍሪዘር የወጣውን በደንብ አብስሎ መብላት ነው፤ ጎመንን ጥሬውን የሚበላ ጎጃሜ ስለማላውቅ በዚህ በኩል ብዙም አልሰጋም። ሌላው ነገር «ባዶውን» ያልኩት ነው። ከረጢቱ ውስጥ ጨውና ዘይት የገባበት ሶስ ካለ ያ ሌላ ምግብ ነው።

አክስቴ ባለፈው ዓመት ጾሙ ሊገባ ሲል የደወለችልኝ ስለዚህ ጉዳይ ነበር። ባሏ ስኳር ተገኝቶበታል፣ ጤና ጣቢያ ቅጠላ ቅጠል አብዛ ተብሏል። ጾሙን አልፈታም ብሏል። «ልጄ፣ በሽሮ ብቻ ልገድለው ነው፣ ያንተ ፍሪጅ ነገር እውነት ይሠራል?» አለችኝ። ሽሮን ማማት አይገባም፤ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ ከጤፉ ጋር ብረትም አለው። የሚጎድለው ቅጠሉ የሚሰጠው ነው፤ ያንን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ራሱ ደረቅ ዱቄት ውስጥ አይገኝም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የጤና ዳሰሳ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው አዋቂ በቀን የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ አይበላም። የአጎቴ ጉዳይ የአጎቴ ብቻ አይደለም።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች የተቀመጠ ቅጠል ጥራቱን ሳያጣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ወር ይቆያል። በመስከረም፣ ምንቸቱ ሊባረር ሲል፣ በርካሽ የተገዛ ጎመን ለመጋቢት በሰላም ይደርሳል ማለት ነው። ቅድም «ፀሐዩ ሲመጣ ቅጠሉ ይሄዳል» ያልኩት ችግር እዚህ ላይ ይፈታል፤ ይህ ማሽን ፀሐይ አይፈልግም።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለች።

እዚህ ላይ የአሜሪካ መጽሐፍ አያድንም። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል፣ ግማሽ ከሆነ 24። ቢቸና ላይ መብራት ጠዋት ሄዶ ማታ ቢመጣ ችግር የለም፤ ሦስት ቀን ከጠፋ ግን ቀልጦ የሞቀውን መልሶ ማስገባት አይቻልም፣ መጣል ነው። ድርቆሽ ደግሞ ትራንስፎርመር ተቃጠለ ብሎ አይበላሽም። እናቴ «የሞተ» ስትል ምናልባት ይህን ማለቷ ይሆናል፦ በሰው እጅ ያለ፣ ገመዱ ሲነቀል የሚያልቅ ነገር። እሱን ሳስበው ክርክሩን ሙሉ በሙሉ አሸንፌያታለሁ ማለት አልችልም።

አዲስ አበባ ግን ምርጫው ያለቀ ይመስላል። ሥራ የሚውሉ ሴቶች (ወንዶችም አለን) ቅዳሜ ቁሌቱን በትልቅ ድስት አቁላልተው በየዕቃው ከፍለው ፍሪዘር ያስገባሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ እየመዘዙ ወጥ ይሠራሉ። ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ጎመኗን የምትገዛው ተከትፎ በከረጢት የቀዘቀዘውን ነው። በርበሬውና ሽሮው ግን ከቢቸና በሻንጣ ይሄድላታል። ደረቁ ከዚህ፣ ቅጠሉ ከዚያ፣ አንድ ድስት ላይ ይገናኛሉ።

አክስቴ ፍሪዘር አልገዛችም። ቢቸና ላይ ከምታውቃቸው ሰዎች ትልቅ ፍሪዘር ያለው ለስላሳ የሚሸጥ አንድ ጎረቤቷ ብቻ ነው፤ ለመስከረም አንዱን መደርደሪያ እንዲያከራያት ዋጋ እየተደራደሩ ናቸው።