ወተት ወይስ መጠጥ? ጣዕም የተጨመረበት ወተት በታክስ ሕግ ፊት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። ለገበያ የሚቀርበውን ሸቀጥ ስም የሚያወጣለት ግን ሕግ ነው፤ ስሙም በተለወጠ ቁጥር የሚከፈልበት ታክስ ይለወጣል። ይህ ጎልቶ ከታየባቸው ሸቀጦች አንዱ ስኳርና የፍራፍሬ ወይም የካካዎ ጣዕም ተጨምሮበት በጠርሙስ የሚሸጠው ወተት ነው። ወተት የሕፃናትና የድኻው ምግብ ስለ ሆነ በብዙ አገሮች ታክሱ ይቀነስለታል ወይም ጨርሶ ይቀርለታል፤ ለስላሳ መጠጥ ግን እንደ ቅንጦት እየተቆጠረ ከፍ ያለ ታክስ ይጣልበታል። ጣዕም የተጨመረበት ወተት በሁለቱ ወሰን ላይ የቆመ በመሆኑ የታክስ ባለሥልጣኖችንና አምራቾችን ለብዙ ዓመታት ሲያሟግት ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክርክሩን ሥር ለማግኘት አስቀድሞ የታሪፉን ቃል መመልከት ያሻል። በ1983 ብሩሰልስ ላይ ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 1988 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የተጣጣመ የሸቀጦች አሰያየምና የመለያ ቁጥር ሥርዓት፣ የአገራችንም የጉምሩክ ታሪፍ የተመሠረተበት ነው፤ ወተትን በምዕራፍ 4፣ መጠጦችን በምዕራፍ 22 ይመድባል። ስለ እርጎና ስለ አሬራ የሚናገረው አንቀጽ 04.03፣ ሸቀጡ ስኳር ቢጨመርበትም፣ ጣዕም ቢገባበትም፣ ፍራፍሬ ወይም ካካዎ ቢደባለቅበትም ከምድቡ እንደማይወጣ በግልጽ ያስረዳል። ስላልረጋው ወተት የሚናገረው አንቀጽ 04.02 ግን የሚጠቅሰው የውሃውን መቀነስ፣ ስኳርንና ሌላ ማጣፈጫን ብቻ ነው፤ ስለ ጣዕም አንድም ቃል የለበትም።

እንግዲህ ሕጉ ዝም ያለው ጣዕም የገባበትን ወተት ከምድቡ ለማስወጣት ነው፣ ወይስ ስኳር ከተፈቀደ ጣዕምም አይከለከልም ለማለት ነው? ታክስ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያውን፣ አምራቾች ሁለተኛውን ትርጓሜ ያዙ። ለታሪፉ የወጣው ዓለም አቀፍ ማብራሪያ በወተትና በካካዎ ላይ የተመሠረቱ ለመጠጣት የተዘጋጁ መጠጦችን ለአንቀጽ 22.02 በምሳሌነት መጥቀሱ ለመጀመሪያዎቹ ብርቱ ድጋፍ ሆኗቸዋል። ከዚህም የተነሣ እንጆሪ የገባበት እርጎ የወተት ውጤት ሆኖ ሲቀር፣ እንጆሪ የገባበት ወተት ግን መጠጥ ሊባል የሚችልበት ሁኔታ ተፈጠረ።

በአገር ውስጥ ታክሷ ከዚህ ታሪፍ ይልቅ የራሷን ቃል የመረጠችው ብሪታንያም ከክርክሩ አላመለጠችም። በሚያዝያ 1973 የተጨማሪ እሴት ታክስን ስትጀምር ምግብን በዜሮ ምጣኔ አስቀመጠች፤ ኋላም መጠጥን ከዚህ ለየች፤ ከመጠጥም መካከል ሻይን፣ ቡናን፣ ካካዎንና ወተትን መልሳ ወደ ዜሮ አገባች። በዚህ ድንጋጌ በጠርሙስ የሚሸጠው ጣዕም ያለው ወተት ዳነ። ወተት ውስጥ የሚበጠበጠው ዱቄት ግን አከራከረ። ካካዎ ያለበት የኔስክዊክ ዱቄት በዜሮ ሲሸጥ፣ የእንጆሪውና የሙዙ ዱቄት በመደበኛው ምጣኔ ይታከስ ነበር። ኔስሌ ተመሳሳይ ሸቀጦች በእኩል ይታከሱ የሚለውን መርሕ ጠቅሶ ቢሟገትም በ2018 የበላይ ችሎቱ ይግባኙን አልተቀበለውም። መርሑ ሕግ አውጪው ለይቶ የወሰነውን የዜሮ ምጣኔ ለማስፋት አይበቃምና።

ክርክሩ ከሁሉ ይልቅ የከረረው ግን በህንድ ነው። ህንድ በ1970 በጀመረችው ታላቅ የወተት ልማት ፕሮግራም አማካይነት ጥቂት ላሞች ያላቸውን ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት አሰባስባ ከዓለም አንደኛ ወተት አምራች ለመሆን የበቃች አገር ናት። ጣዕም የተጨመረበት ወተት ለእነዚህ ማኅበራት ከተራው ወተት የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ ምርት ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የዕቃዎችና አገልግሎቶች ታክስ ሲጸና ትኩስ ወተት ከታክስ ነጻ ሆነ፤ በአንቀጽ 04.02 የሚመደበው ስኳር ያለበት ወተት 5 በመቶ፣ በምዕራፍ 22 ውስጥ «ወተት ያለባቸው መጠጦች» ተብሎ የተሰየመው ደግሞ 12 በመቶ ተጣለበት። በ100 ሩፒ ሽያጭ ላይ የ7 ሩፒ ልዩነት መሆኑ ነው። የታክሱ ምክር ቤትም ጣዕም የተጨመረበት ወተት በ12 በመቶው እንዲመደብ ወሰነ።

ፓርሌ አግሮ የተባለው ኩባንያ ጉዳዩን ለማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ2023 በሰጠው ውሳኔ፣ ምክር ቤቱ የታክሱን ምጣኔ ሊያማክር እንደሚችል፣ ሸቀጡን የመመደብ ሥልጣን ግን እንደሌለው አስታወቀ፤ ምድቡ የሚገኘው ከታሪፉ ቃል ነውና። ከዚያም ሸቀጡ በአንቀጽ 04.02 ሥር ወድቆ 5 በመቶ እንዲከፈልበት ፈረደ። በመስከረም 22 ቀን 2025 በወጣው ማሻሻያ ወተት ያለባቸው መጠጦችም ወደ 5 በመቶ ስለ ወረዱ ለወደፊቱ የክርክሩ ጥቅም ጠፋ። ይሁን እንጂ የምጣኔ መቀነስ ያለፈውን ዘመን ሒሳብ አይዘጋም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ዋጋውን ሲተምን የኖረ አምራች የትኛው ምጣኔ እንደሚጸናበት ሳያውቅ ነው የሠራው።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕግ መለኪያ ሲሰጥ ክርክር ይጠባል። ብሪታንያ በ2018 በለስላሳ መጠጦች ላይ የስኳር ታክስ ስትጥል ወተቱ ከመቶ 75 እጅ በታች ያልሆነውን መጠጥ ነጻ አድርጋ ነበር፤ በ2025 ደግሞ ይህ ነጻነት ከ2028 መጀመሪያ አንሥቶ እንደሚቀር፣ በወተቱ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ስኳር ግን እንደሚታሰብለት አስታወቀች። ፖሊሲው ይወደድ ይጠላ፣ አምራቹ ማወቅ የሚገባውን በቁጥር አስቀድሞ ያውቃል። መለኪያ በሌለበት ግን ሕግ አውጪው ሳይናገር የተወውን ቃል የሚያሟላው ዳኛ ነው፤ ይህም ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የታሪፍ ረቂቅ የሚያዘጋጅም ሆነ ዕቃ የሚመድብ ባለሙያ ምጣኔውን ከማየቱ በፊት የአንቀጹን ቃል ይመርምር፤ ዝምታ ያገኘበትን ስፍራም በጊዜው ያመልክት። የዝምታውን ዕዳ የሚከፍለው የአንቀጹን ቃል የጻፈው ሰው ሳይሆን ወተቱን አልቦ የሚያቀርበው ገበሬና ገዝቶ የሚጠጣው ሰው ነውና።