ስለ ራስሴላስ መጽሐፍና ስለ ግሸን አምባ

በከሚሴ ከተማ እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ያረጀ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ወራት አልፈዋል። ሽፋኑ ከወለቀ ቆይቷል፤ ቅጠሎቹም በክር ተሰፍተዋል። ተራውን የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለ ሆነ፣ የመዝገብ ቤት ባልደረባችን የወደዳቸውን ምዕራፎች በደብተር ገልብጦ ይዟቸዋል። መጽሐፉ የእንግሊዙ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን የደረሰው፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ አቶ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰው በ1939 ዓ.ም. ያወጡት የራስሴላስ ታሪክ ነው። ምዕራፎቹ 49 ቢሆኑም እጅግ አጫጭር ናቸው፤ ብርቱ አንባቢ በሁለት ምሽት ይጨርሳቸዋል። የጨረሰው ሁሉ ግን እንደ ቅኔ ሊያስብበት ተመልሶ ይገልጠዋል።

ይህ ሁሉ ፍቅር ከምን መጣ ብዬ ብጠይቅ፣ «የአገራችን ታሪክ ስለ ሆነ ነው» አሉኝ። እኔ በዚህ ነገር አልስማማም፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። በወጣትነቱ ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1735 አሳተመ። ሎቦ በ1625 ወደ አገራችን የገባ፣ የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን ያየ ሰው ነው። በመጽሐፉም የንጉሡ ወንድም የራስ ስዕለ ክርስቶስ ስም ይገኛል፤ ራስሴላስ የሚለው ስም ከዚህ እንደ ወጣ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1759 በጥር ወር፣ የጆንሰን እናት ሞተች። እርሱም ለቀብሯና ለዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው መጽሐፉን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ ለአሳታሚዎች በ100 ፓውንድ ሸጠው ይባላል። ስሙን እንኳ አላተመበትም። ያም ሆኖ መጽሐፉ ወዲያው በብዙ ቋንቋ ተመለሰ፤ በ1847 በታተመው «ጄን ኤር» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥም አንዲት ተማሪ ስታነበው ትታያለች።

የነገሩ መነሻ በአማራ መንግሥት፣ በተራሮች መካከል ያለ አንድ ሸለቆ ነው። የንጉሥ ልጆች ተራቸው ደርሶ እስኪነግሡ ድረስ በዚያ ተዘግተው ይኖራሉ። የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ የሚዘፈነው ሁሉ ሙሉ ነው። ራስሴላስ ግን ሁሉ ሞልቶለት ሳለ ተከዘ። ስለዚህ ከእኅቱና ከጎጃም ነጋዴ ልጅ ከባለቅኔው ኢምላክ ጋር ተራራውን ፈልፍሎ ወጣ፤ እስከ ካይሮም ሄዶ ደስታ የሞላለት ሰው ፈለገ፤ አላገኘም።

እውነተኛው ስፍራ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከከሚሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻን፣ ደሴንና ሐይቅን አልፎ ወደ አምባሰል የሚጓዝ ሰው ግሸን ይደርሳል። ግሸን ዛሬ ግማደ መስቀሉ ያለበት፣ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚጐርፉበት ቅዱስ ቦታ ነው። በቀድሞ ዘመን ግን የነገሥታት ወንዶች ልጆች አልጋ እንዳይሻሙ የሚታሰሩበት አምባ ነበረ። ሸለቆ አይደለም፤ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። በ1520ዎቹ አገራችንን የጐበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ የእስረኞቹን መልእክት ከአምባው ያወጣ መነኩሴ ከጠባቂዎቹ ጋር እንደ ተገረፈ ጽፏል። የኢማም አሕመድ ጦር በ1540 አምባውን እስኪይዝ ድረስ ሥርዓቱ ጸንቶ ኖረ። በኋላም በጎንደር ነገሥታት ዘመን መሳፍንቱ ወኅኒ በተባለ አምባ ይታሰሩ ጀመር፤ እስር ቤትን ወኅኒ የምንለው ከዚያ የተነሣ እንደ ሆነ ይነገራል።

ስለዚህ ባልደረቦቼ ታሪክ ያሉት ነገር የእኛን ወኅኒ ገነት አድርጎ የሣለ የሩቅ ሰው ሐሳብ ነው። ጆንሰንን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ከእርሱ በፊት ገጣሚው ሚልተን በ1667 የአማራን ተራራ ሰዎች ገነት ነው ከሚሏቸው ቦታዎች ጋር ቈጥሮታል። እኔም ብሆን መጽሐፉን ከሚወዱት አንዱ ነኝ። የሚጣፍጠኝ ግን የልዑሉ ትካዜ እንጂ የሸለቆው ወሬ አይደለም።

አንድ ምሽት በጨፋ ረግረግ ዳር ከብት ሲያረቡ ለኖሩ አንድ ሽማግሌ መጽሐፉን ይዤላቸው ሄድሁ። አማርኛ ስለማያነቡ እኔው እያነበብሁ በኦሮምኛ እነግራቸው ጀመር። ደስታን «ገመቹ» ማለት ቀላል ነው፤ የጠገበን ሰው ትካዜ ግን «ያዶ» ብዬ ባልፈውም ልቤ አልረካም። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሲሻገር ስንቱ በመንገድ እንደ ቀረ እግዜር ይወቅ! እርሳቸው ግን ጸጥ ብለው ሰሙኝ። በመጨረሻም፣ «ልጄ፣ ልዑሉስ ይሁን፤ በሩን ሌት ተቀን የሚጠብቁት ሰዎችስ ደስ ይላቸው ነበርን?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በማግሥቱ ከመዝገብ ቤቱ ባልደረባዬ ጋር ስለ በሩ የተጻፈውን ፈልገን ደግመን አነበብነው። በሩ የብረት እንደ ሆነ፣ ዘበኞችም እየተፈራረቁ እንደሚጠብቁት ይናገራል። ስለ እነርሱ ያለው ይህ ብቻ ነው።