ዲፓርትመንት ያልነበረው ሙያ

እኛ ባዮሎጂ ስንማር ፎረንሲክ የሚባል ዲፓርትመንት በግቢያችን አልነበረም። ዛሬ ልጆች «በየት በኩል ይገባል?» ሲሉኝ ታሪኩን ከአርጀንቲና እጀምራለሁ።

እዚያ ወታደራዊው መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ የጅምላ መቃብሮችን በሥርዓት የሚመረምር ሰው አልተገኘም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ክላይድ ስኖው የሕክምና፣ የአንትሮፖሎጂና የአርኪዮሎጂ ተማሪዎችን ሰብስቦ አሠለጠነ። አርኪዮሎጂ የተማረው አፈሩን በጥንቃቄ ይገልጣል፤ ሐኪሙ ስብራቱን ያነባል። እነዚያ ተማሪዎች የመሠረቱት ቡድን ከ1993 ጀምሮ አገራችን ድረስ መጥቶ ለልዩ ዐቃቤ ሕግ የቀይ ሽብር መቃብሮችን መረመረ። ግኝቱም ለደርግ ባለሥልጣናት ክስ ማስረጃ ሆነ።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። አጎቴ በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ወሬውን ለእማዬ ስነግራት፣ «አጥንት ብቻ አይተው በምን ይለዩታል?» አለች።

«በጥርስ፣ በቁመት፣ በድሮ ስብራት።»

ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ጻፈው» አለችኝ።

ጻፍኩት። ሙያዬን የመረጥኩት ያን ቀን ይመስለኛል። በባዮሎጂ ጨርሼ፣ ጀነቲክስ ጨምሬ ዘረ መል ምርመራ ውስጥ ገባሁ። ጓደኞቼ በኬሚስትሪ ወደ መርዝ ምርመራ፣ በሕክምና ወደ አስከሬን ምርመራ ሄዱ። በሩ ብዙ ነው፤ መሠረታዊ ሳይንሱን ግን ማንም አይዘለውም።

አጎቴ እስካሁን አልተገኘም። ወረቀቷ አለችኝ።